አባባ፣ ነፋሱ ዘንድሮ ዘገየ

ሚያዝያ 28 ቀን 2010 ዓ.ም.
ኦክላሆማ ሲቲ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? የእማዬ ጉልበትስ ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

የፋሲካ ለት በስልክ «ያ ቤት ይነቅላል ያልከኝ ነፋስ መጣ ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ መስመሩ ተቋረጠ። አልመጣም ነበር። ቶርኔዶ የሚሉት ያ የሚሽከረከር ነፋስ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦክላሆማ የደረሰው ባለፈው ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 23 ቀን ነው። መዝገብ መያዝ ከተጀመረ ወዲህ እንዲህ ዘግይቶ አያውቅም፤ እስከ ዛሬ የዘገየ የሚባለው በእኛ በ1954 ዓ.ም. ሚያዝያ 18 ቀን የመጣው ነበር።

ያዘገየው ብርዱ ነው። እርስዎ «ፀሐዩ ሲመር ዝናቡ ይበረታል» ይሉ የለ? እዚህም ያው ነው። ለእኛ በልግ እርጥበቱ ከሕንድ ውቅያኖስ እንደሚመጣ ሁሉ፣ ለዚህ አገር ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይመጣል። ያ ሞቃትና እርጥብ አየር ከላይ ካለው ቀዝቃዛ አየር ሥር ገብቶ ሽቅብ ሲወጣ ደመናው ይቆለላል፤ ነፋሱም ከታች በአንድ አቅጣጫ፣ ከላይ በሌላ ሲነፍስ ደመናውን ያሾረዋል። ዘንድሮ ግን የሰሜን ብርድ እየተመላለሰ እርጥበቱን ወደ ባሕሩ መለሰው። እሳት ያጣ ድስት ምን ይንተከተካል?

እኔማ ተገላገልን ብዬ ነበር። የገበሬ ልጅ ሆኜ ይህን ማሰቤ ያሳፍራል፤ ነጎድጓዱ ሲቀር ዝናቡም አብሮ መቅረቱን ረሳሁት። በፋሲካ ሳምንት ምዕራቡ ደርቆ ስለነበር እሳት ተነሥቶ አንዱ ብቻ ከ280,000 ኤከር በላይ አቃጠለ። ጭነት ይዤ በዚያ በኩል ሳልፍ የአጥሩ እንጨት ከሥሩ ነድዶ ሽቦው ብቻውን ተንጠልጥሎ አየሁ። በአመዱ ውስጥ ላሞች ቆመዋል፤ የሚግጡት የለም። እርስዎ ቢያዩት ያለቅሱ ነበር።

ብርዱን ደግሞ አላምነውም። በ2005 ዓ.ም. ጸደዩ እንዲሁ ቀዝቅዞ ሰዉ እፎይ ብሎ ነበር አሉ። ግንቦት 12 ቀን ግን እዚሁ አጠገባችን ሙር የምትባለውን ከተማ ቶርኔዶ መታትና 24 ሰው ሞተ፤ ሰባቱ ትምህርት ቤት ውስጥ የነበሩ ሕፃናት ናቸው።

አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ለእማዬ ግን አያንብቡላት። በመጣሁ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ልክ በስድስት ሰዓት፣ የከተማው የቶርኔዶ ማስጠንቀቂያ ሳይረን ጮኸ። ፓስፖርቴንና እማዬ የሰጠችኝን ነጠላ ይዤ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ተኛሁ። ጸጥ ሲል ብወጣ ጎረቤቴ ሴትዮ አበባዋን ውኃ ታጠጣለች። ለካ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሙከራ የሚጮኽ ኖሯል! እስካሁን ባየችኝ ቁጥር ትስቃለች።

ዛሬ ከደቡብ ሞቅ ያለ ነፋስ ነፍሷል፤ ሸሚዜ ከላቤ ጋር ተጣብቋል። ከጓሮ ያለው የነፋስ መጠለያው የብረት ክዳን ዝጎ ስለነበር ማጠፊያውን ዘይት ቀባሁት፤ አሁን በአንድ እጅ ይከፈታል።

የበልጉ ገብስ እንዴት ሆነ? በረዶ አልመታውም? የላክሁት ገንዘብ ደርሶ እንደሆነ እህቴ ትጻፍልኝ።

ልጅዎ