መንደርደሪያው ይሠራ፣ ውኃውስ ወዴት ይሂድ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው እትማችሁ ስለ አውሮፕላን ማረፊያዎች መስፋፋት የወጣውን አስተያየት አነበብኩት። ጸሐፊው ምርር ብሏቸዋል። በረግረግና በዓሣ ሰበብ ግንባታ ይጓተታል፣ ገንዘብ ይባክናል፣ ፍርድ ቤትም የነገረኛ መጫወቻ ሆኗል ይላሉ። ለምሳሌ የጠቀሱት ደግሞ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ያለውን የሲያትል ታኮማ አውሮፕላን ማረፊያ ሦስተኛ መንደርደሪያ ነው። ይህን ጉዳይ ብዙ ጊዜ ስከታተለው የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ምሳሌውን ጥሩ መርጠዋል። የደረሱበት መደምደሚያ ግን ውኃ አያነሳም።

መጀመሪያ የሚታመነውን ልመን። ሥራው በእርግጥ ተጓቷል። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ፕሮጀክቱን ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፣ መንደርደሪያው የተከፈተው ደግሞ በኖቬምበር 2008። አሥራ አንድ ዓመት መሆኑ ነው። ወጪውም ከ1 ቢሊዮን ዶላር አልፏል። መንደርደሪያው አያስፈልግም ነበር የሚል ክርክርም የለኝም። የቀድሞዎቹ ሁለት መንደርደሪያዎች በመካከላቸው ያለው ርቀት 240 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ደመናው ዝቅ ባለ ቁጥር ጎን ለጎን ማሳረፍ ስለማይቻል አውሮፕላኖች በአንድ መስመር ተራ ይጠብቁ ነበር። ሲያትል ደግሞ ደመናዋን ማንም ያውቀዋል።

ታዲያ ጸቡ ከየት መጣ? ከመሬቱ አቀማመጥ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ያለው ከፍታ ላይ ነው። አዲሱ መንደርደሪያ የታቀደው በምዕራብ በኩል፣ መሬቱ ቁልቁል በሚወርድበት ጎን ነበር። ስለዚህ 2,590 ሜትር የሚረዝም ሜዳ መፍጠር ግድ ሆነ። በሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚቆጠር አፈር ከሌላ ቦታ በመኪና እየተጋዘ ተደለደለ፣ አንደኛውን ጠርዝ ደግሞ ወደ 40 ሜትር ከፍታ ያለው ደጋፊ ግንብ ያዘው። ከዚያ ግንብ ግርጌ ሚለር የሚባል ጅረት ይፈሳል። አካባቢው ላይ ዎከርና ዴ ሞይን የሚባሉ ጅረቶችም አሉ። ሦስቱም የሚገቡት ፒውጀት ሳውንድ ወደሚባለው የባሕር ሰርጥ ነው፣ ሳልመን ዓሣም እንቁላሉን ለመጣል ከባሕር ወደ ጅረቶቹ ይወጣል።

አሁን የዝናቡን ነገር ልብ በሉልኝ። ሣርና ረግረግ ላይ የወረደ ዝናብ ቀስ ብሎ ይሰርጋል። ከመሬት በታች ለወራት እየተንፏቀቀ ቆይቶ ዝናብ በሌለበት በበጋው መጨረሻ ጅረቱን የሚያጠጣው እሱ ነው። ያው ዝናብ ኮንክሪት ላይ ሲወርድ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ቱቦ ገብቶ፣ ጅረቱን በክረምት ሞልቶ ዳርቻውን እየቦረቦረ ያልፋል። በጋ ሲመጣ የሚቀር ነገር የለም። ብዙ ሰው የአውሮፕላን ማረፊያ ጉዳት ሲባል የሚታየው ነዳጅና ዘይት ነው። እነሱም አሉ፣ በረዶ ለማሟሟት የሚረጨው ግላይኮል ውኃ ውስጥ ሲገባ ኦክስጅን ይጨርሳል፣ የእሳት አደጋ አረፋውም ውስጥ በቀላሉ የማይበሰብሱ ኬሚካሎች ነበሩ። የሲያትሉ ክርክር ግን ከዚህ ጠለቅ ያለ ነበር። በበጋ ጅረቱ ውስጥ ውኃ ይኖራል ወይ ነው ጥያቄው። የአውሮፕላን ማረፊያው ባለቤት የሆነው የሲያትል ወደብ አስተዳደር መልስ የዝናቡን ውኃ በትልልቅ የመሬት ውስጥ ማጠራቀሚያዎች ይዞ በበጋ በትንሽ በትንሹ መልቀቅ ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ወዲያው ሌላ ጥያቄ ይወልዳል፤ ለወራት ተዘግቶ የቆየ ውኃ ለዓሣ የሚሆን ኦክስጅን ይኖረዋል ወይ? ማጠራቀሚያውን ከሃያ ዓመት በኋላ ማን ይጠግናል? የተደለደለው አፈርስ ከየት የመጣ ነው፣ ዝናብ ሲያጥበው ምን ይዞ ይወርዳል?

እንግዲህ ጸሐፊው «ሰበብ» ያሉት ይህንን ነው።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። በአሜሪካ የንጹሕ ውኃ ሕግ አንቀጽ 401 መሠረት፣ ረግረግ የሚደለድል ሰው የፌዴራል ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት ግዛቱ የውኃ ጥራቱ እንደማይበላሽ መመስከር አለበት። ያኔ ሚዛኑ «ምክንያታዊ ማረጋገጫ» ይባል ነበር። እርግጠኛ ሁኑ ማለት አልነበረም፣ ግን ተስፋ አለን ማለትም አይበቃም ነበር። የዋሽንግተን ግዛት የሥነ ምህዳር መሥሪያ ቤት በ2001 ምስክርነቱን ሰጠ። በዙሪያው ያሉ ከተሞች ተባብረው ይግባኝ አሉ። ጉዳዩን ያየው የብክለት ቁጥጥር ይግባኝ ሰሚ ቦርድ በ2002 ምስክርነቱን አልሻረውም። ነገር ግን እንዲሁ አላሳለፈውም፣ 16 ተጨማሪ ግዴታዎች አስገባበት። ልብ በሉ፣ ይህ ማለት መሥሪያ ቤቱ ፈርሞ የሰጠው ወረቀት እንዳለ በቂ አልነበረም ማለት ነው። ከተሞቹ ባይከሱ ኖሮ ይህን ማን ያውቅ ነበር?

ቀጥሎ የመጣው ነው እኔን የሚያንገበግበኝ። ሕጉ ግዛቶች ምስክርነቱን ሰጥተው እንዲጨርሱ ቢበዛ 1 ዓመት ይሰጣቸዋል። የቦርዱ ግዴታዎች የወጡት ይህ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነበር። የፌዴራሉን ፈቃድ የሚሰጠው የጦር ሠራዊቱ የመሐንዲሶች ኮር ደግሞ አንዳንዶቹን አልተቀበላቸውም። ከተሞቹ ከሰሱ። በ2003 የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ጊዜው ካለፈ በኋላ የመጡትን ግዴታዎች ኮሩ የመቀበል ግዴታ የለበትም ብሎ ወሰነ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ ነገሩ። ግዴታዎቹ ትክክል ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለው ቀርቶ፣ ቀኑ አልፏል ወይስ አላለፈም ላይ ተፈረደ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2004 በራሱ በኩል ከቦርዱ ግዴታዎች ገሚሱን አጽንቶ ገሚሱን ሻረ፣ ፕሮጀክቱም መንገዱን ቀጠለ።

ስለዚህ ጸሐፊው «ክሱ አጓተተ» ሲሉ እኔ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው። የበጋው ውኃ ስሌት፣ የአፈሩ ምርመራና የማጠራቀሚያው ንድፍ ፊርማው ከመፈረሙ በፊት ተጠናቅቀው ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ ኖሮ ቦርዱ ምን የሚጨምረው ነገር ይኖረው ነበር? ለእኔ ያጓተተው ጥድፊያው ነው። ፈርመን እንጀምር፣ ዝርዝሩን በኋላ እናሟላለን የሚባል ፈሊጥ አለ። ያ «በኋላ» ነው ፍርድ ቤት የሚያስኬደው።

የረግረጉ ካሳም የራሱ ጉድ አለው። ወደ 7 ሄክታር የሚጠጋ ረግረግ ተደለደለ። በምትኩ ሌላ ረግረግ መሥራት ግዴታ ነው። ግን ረግረግ ወፍ ይጠራል፣ ወፍ ደግሞ ሞተር ውስጥ ከገባ አውሮፕላን ይጥላል። ስለዚህ የአቪዬሽን አስተዳደሩ መመሪያ ጄት ከሚያርፍበት ሜዳ በ3 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ወፍ የሚስብ ነገር እንዳይኖር ይመክራል። በዚህ ምክንያት ከምትኩ ትልቁ ክፍል የተሠራው ኦበርን በምትባል ከተማ፣ በሌላ ወንዝ ተፋሰስ ውስጥ ነው። በሄክታር ቢለካ ካሳው ከጠፋው ይበልጣል። ለሚለር ጅረት ግን ምን ፈየደለት? የጎረቤትህ ጉድጓድ ሞላ ብሎ የአንተን ጥም እንደማስታገስ ነው። ማንንም በክፋት አልጠረጥርም፣ የወፉ ነገር እውነተኛ አደጋ ነው። ብቻ ሪፖርቱ ላይ «ተተክቷል» የሚለውን ቃል ሳይ ፈገግ እላለሁ።

ከተሞቹ የሚጠሉት የአውሮፕላኑን ጩኸት ነው፣ ውኃውን ሽፋን አደረጉት የሚለውን ወቀሳም አውቀዋለሁ። ይሁና! ሰው ሕጉ በከፈተለት በር ነው የሚገባው። ጥያቄው ውኃው ላይ ያነሱት ነገር ልክ ነው አይደለም ነው፣ ቦርዱ ደግሞ በከፊል ልክ ናችሁ ብሏቸዋል። በሌላ በኩል ከሳሽም ሁሉ አይታመንም። በዚያ አካባቢ የከተማ ጅረቶች ውስጥ እንቁላል ሳይጥሉ ለሚሞቱት ኮሆ የሚባሉ የሳልመን ዓሣዎች ያልተወቀሰ የለም ነበር። ተመራማሪዎች በ2020 ዋናው ገዳይ ከመኪና ጎማ የሚወጣ ኬሚካል መሆኑን አሳይተዋል። አውሮፕላን ማረፊያው የሚያመጣው የመኪና መንጋ ቢኖርም፣ ለዚህ ጥፋት መንደርደሪያውን ብቻ መክሰስ ልክ አይሆንም።

ፍርድ ቤት ሁሌ ግንባታ ያስቆማል የሚሉት ደግሞ የፈረንሳዩን የኖትር ዳም ዴ ላንድ ጉዳይ ቢያዩት ጥሩ ነበር። ናንት አጠገብ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ሊሠራ የታሰበው ከሞላ ጎደል ረግረግ በሆነ መሬት ላይ ነበር። በ2013 የሳይንቲስቶች ቡድን የረግረጉ ካሳ የተሰላበትን መንገድ ተቸ። ተቃዋሚዎቹ ግን በ2015ም በ2016ም ፍርድ ቤት ተሸነፉ፣ በ2016 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔም 55 በመቶው ይሠራ አለ። በጃንዋሪ 2018 መንግሥት ራሱ ሰረዘው። ያስቆመው ዳኛ አልነበረም።

የዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ወደፊት ስለ መንደርደሪያ ስትጽፉ የወጪውንና የመንገደኛውን ቁጥር ብቻ አታስነብቡን። የውኃ ጥናቱ ያለቀበትንና ፈቃዱ የተፈረመበትን ቀን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አትሙልን። የትኛው እንደቀደመ እኛው እናየዋለን።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢ