የጃፓን ሥራ ፍለጋ ከድሬዳዋ ሳይነሱ ይጀመራል

ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

የውጭ አገር ነፃ የትምህርት ዕድል ሲወጣ ጋዜጣችሁ ያስነብባል፤ ጥሩ ነው። ሜክስት የሚባለው የጃፓን መንግሥት ስኮላርሽፕም ሆነ በ2013 እ.ኤ.አ. በዮኮሃማ በተካሄደው ቲካድ በሚባለው የጃፓንና የአፍሪካ የልማት ጉባኤ ይፋ የተደረገው፣ የጃፓን መንግሥት የልማት ትብብር ድርጅት የሆነው ጃይካ ለአፍሪካ ወጣቶች የሚሰጠው የኤቢኢ የማስተርስ ፕሮግራም ለድሬዳዋና ለሐረር ልጆችም ክፍት ነው። ችግሩ ምክሩ ሁሉ ቪዛ ላይ ማለቁ ነው። ተምሮ እዚያው ሥራ መያዝ የሚፈልግ ልጅ የቅጥሩን አካሄድ የሚሰማው ቦታው ከደረሰ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ብዙ ጊዜ ረፍዷል።

የጃፓን ኩባንያዎች አዲስ ተመራቂን የሚቀጥሩት እንደኛ ክፍት ቦታ በተገኘ ቁጥር አይደለም። ተማሪው ገና ሳይመረቅ በአንድ ወቅት ይመለምሉና አብዛኞቹ ኤፕሪል 1 ሥራ ያስገባሉ። መንግሥት ባወጣው ቀን መሠረት፣ ለመመረቅ አንድ ዓመት ሲቀር ማርች 1 የኩባንያዎች ገለጻና ምዝገባ ይከፈታል፤ ጁን 1 ቃለ መጠይቅ ይጀመራል፤ ኦክቶበር 1 ናይቴይ የሚሉት መደበኛ የቅጥር ቃል ይሰጣል። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 22፣ ግንቦት 24 እና መስከረም 21 መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ቀን የአድዋ በዓል ዋዜማ ስለሆነ ማንም አይረሳውም።

ይህ እንግዲህ በወረቀት ላይ ያለው ነው። ብዙ ኩባንያዎች ከማርች 1 ቀደም ብለው፣ በሐምሌና በነሐሴ በኢንተርንሺፕ (በሥራ ልምምድ) ያዩዋቸውን ልጆች ከወዲሁ ይይዛሉ። እስቲ እናስላው፦ በ2027 እ.ኤ.አ. ኤፕሪል ማስተርስ የሚጀምር ተማሪ በ2029 ማርች ይመረቃል። የኢንተርንሺፕ ማመልከቻ የሚገባው ግን እዚያው 2027 ላይ፣ በሜይና በጁን ነው። ዶርም ከገባ ሁለት ወር ሳይሞላው ማለት ነው። በእንግሊዝኛ የሚሰጡ ፕሮግራሞች ደግሞ ብዙዎቹ በመስከረም ወይም በጥቅምት ስለሚጀምሩ ምረቃቸው ሴፕቴምበር ላይ ይውላል። አንዳንድ ኩባንያ ኦክቶበር ላይ ይቀበላል፤ አብዛኛው ግን ኤፕሪልን ጠብቅ ይላል። የቅጥር ቃል የያዘ ሰው እስከዚያ የሚቆይበት የመኖሪያ ፈቃድ ስላለ መደናገጥ አያስፈልግም፤ የተማሪ ፈቃዱ ሳያልቅ መጠየቅ ግን አለበት።

ቋንቋው ላይ ራስን ማታለል አይገባም። የኢንተርኔት ንግድ ኩባንያው ራኩተን ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሥራ ቋንቋውን እንግሊዝኛ አድርጓል፤ እንዲህ ያሉት ግን ጥቂቶች ናቸው። በጃፓንኛ የሚሠራ ቢሮ ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ኤን 2 ይጠይቃል፤ ይህ የጃፓንኛ ቋንቋ ችሎታ ፈተና ሁለተኛው ከፍተኛ ደረጃ ነው፤ ከፍተኛው ኤን 1 ነው። ፈተናው ከ180 ነው፤ ለኤን 2 ማለፊያው 90፣ ለኤን 1 ደግሞ 100 ነጥብ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ክፍል ከ60 ቢያንስ 19 ማምጣትም ግዴታ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጁላይና በዲሴምበር ይሰጣል። የዲሴምበሩ ውጤት የሚታወቀው ጃንዋሪ መጨረሻ ስለሆነ፣ ማርች 1 ላይ ማስረጃ ይዞ ለመቅረብ የመጨረሻው ዕድል እሱ ነው። ፈተናው ንግግር የለበትም፤ ኤን 1 ይዘው ቃለ መጠይቅ ላይ አፋቸው የሚያያዝባቸው ለዚህ ነው። የጃፓንኛ ፊደላት የሆኑት ሂራጋና፣ ካታካና (የውጭ ስሞች የሚጻፉበት) እና የመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ካንጂዎች እዚሁ ድሬ ተቀምጦ በስልክም ይጠናሉ።

አሁን ወደ ፎርሙ። የሥራ ማመልከቻው በሦስት ወር ውስጥ የተነሱት 3 በ4 ጉርድ ፎቶ ይፈልጋል፤ ይህ ቀላሉ ነው። የእኛን ልጆች የሚያስቸግረው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ትራንስክሪፕቱ ላይ ያለውን የኛን ዓመት እንዳለ የሚገለብጥ አለ፤ በግምት ደምሮ የሚሞላም አለ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ይደመራል። መስከረም 2007 ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሰኔ 2010 የጨረሰ ልጅ ሴፕቴምበር 2014 ገብቶ ጁን 2018 ወጣ ማለት ነው። አንዱ ቀን ከተዛነፈ መሐል ላይ ባዶ ዓመት ይፈጠራል፤ ጠያቂውም «እዚህ ጋ ምን ትሠራ ነበር?» ማለቱ አይቀርም።

ስምም እንዲሁ ነው። ፎርሙ የቤተሰብ ስምና የራስ ስም የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉት፤ እኛ ደግሞ የራሳችንን፣ የአባታችንንና የአያታችንን ስም ይዘን እንቀርባለን። መፍትሔው ፓስፖርቱ ላይ ያለውን አከፋፈል መከተልና የካታካናውን አጻጻፍ አንዴ ወስኖ ለባንክም፣ ለዩኒቨርሲቲም፣ ለኩባንያም ያንኑ መስጠት ነው። ጃፓን ውስጥ ገንዘብ የሚተላለፈው በካታካና በተጻፈ የሒሳብ ስም ስለሆነ አንድ ፊደል ከተለየ የመጀመሪያው ደመወዝ ሊመለስ ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ኢንትሪ ሺት የሚባለው፣ ኩባንያው ለአመልካቾች የሚሰጠው የጽሑፍ መጠይቅ ነው። በአብዛኛው ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ራስህን አስተዋውቅ፣ በተማሪነትህ በርትተህ የሠራኸው ምንድን ነው፣ ለምን እኛን መረጥክ። ለእያንዳንዱ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ቦታ 400 ፊደል ገደማ ነው። እኛ ማመልከቻ ስንጽፍ በምስጋናና በአክብሮት መግቢያ እናሟሟቃለን፤ እዚያ ግን የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መልሱ ራሱ መሆን አለበት። «ታታሪና ታማኝ ነኝ» የሚል ወረቀት ወዲያው ይታለፋል። «ከአምስት የቡድኑ አባላት ሁለቱ ሲወጡ የቀረውን ሥራ በሦስት ከፋፍዬ፣ በየሦስት ቀኑ እየተገናኘን በቀኑ አስረከብን» የሚለው ይነበባል። «አደረግን» ብቻ ካበዛ ደግሞ የአመልካቹ ድርሻ አይታይም። በነገራችን ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ እያቀላቀለ ያደገ የድሬ ልጅ ይህን ቁም ነገር አይለውም፤ ከየትኛው ደንበኛ ጋር በምን ቋንቋ ተግባብቶ ምን እንደሠራ ቢጽፈው ግን ጠንካራ ነጥብ ነው። «ጃፓንን እወዳለሁ» ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ አይሆንም። ተፎካካሪያቸውን ትቶ እነሱን ለምን እንደመረጠና ስንት ዓመት ሊቆይ እንዳሰበ መናገር አለበት።

ኤስፒአይ የሚባለው የጽሑፍ ፈተና ሒሳቡ ከባድ አይደለም፤ መቶኛ፣ ፍጥነት፣ ትርፍና ኪሳራ፣ ፕሮባቢሊቲ ነው። የሚጥለው ጊዜው ነው፤ በጃፓንኛ አንብቦ ለመረዳት ብቻ ደቂቃው ያልቃል። በፈተና ማዕከል ካልኩሌተር አይፈቀድም። ስለዚህ ልምምዱ የጥያቄዎቹን ቃላት በማጥናት መጀመር አለበት። የቡድን ውይይት ላይ ደግሞ ብዙ የተናገረ አያሸንፍም፤ ሰዓት የያዘው ወይም ዝም ያለውን «አንተስ ምን ትላለህ?» ያለው ይበልጥ ይታያል።

ለዕረፍት ድሬ መጥቶ ሳለ የኦንላይን ቃለ መጠይቅ የደረሰው ካለ ሒሳቡ ቀላል ነው። ጃፓን ከእኛ 6 ሰዓት ስለምትቀድም በእኛ አቆጠራ ቁጥሩ አንድ ነው፤ የእነሱ ከሰዓት 3 ለእኛ ጠዋት 3 ነው። የእነሱ ጠዋት 10 ግን ለእኛ ሌሊት 10 ነው። ምርጫ ከተሰጠ ከሰዓት በኋላ የሚለውን መያዝና መብራት ቢጠፋ የሚተካ የስልክ ዳታ ማዘጋጀት ነው።

በትርፍ ሰዓት ሥራ በሳምንት ከ28 ሰዓት ማለፍም ዋጋ ያስከፍላል። የተማሪ ፈቃድ ወደ ሥራ ፈቃድ ሲቀየር ኢሚግሬሽን ይህን ያያል፤ ኩባንያው ቢቀበልም ፈቃዱ ሊከለከል ይችላል። ሥራ ሳያገኝ የተመረቀ ደግሞ በዩኒቨርሲቲው የድጋፍ ደብዳቤ ስድስት ወር፣ አንዴ ከታደሰለት እስከ አንድ ዓመት ቆይቶ መፈለግ ይችላል። ደብዳቤው የሚገኘው ተማሪ ሳለ ሥራ ሲፈልግ እንደነበር ካሳየ ስለሆነ፣ የላካቸውን ማመልከቻዎችና የመጡለትን መልሶች አይጣል።

የድሬዳዋና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች የሥራ መረጃ ቢሮዎች እነዚህን ቀኖች በሰሌዳቸው ቢለጥፉ ወጪው የአንድ ወረቀት ነው። «ጃፓን ሥራ አስገባለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ከመጣ ደግሞ፣ የጃፓን ሕግ ሥራ አገናኞች ከሥራ ፈላጊ ክፍያ እንዳይቀበሉ በመርህ ደረጃ እንደሚከለክል ይነገረው። ቶኪዮ፣ ናጎያ፣ ኦሳካና ፉኩኦካ ያሉት የመንግሥት የውጭ ዜጎች ቅጥር አገልግሎት ማዕከላት ተማሪን የሚያስተናግዱት በነፃ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ጃፓን ተምረው የተመለሱ ጓደኛሞች፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ