ለዛንዚባር ጠላቂዎች፦ የቅዳሜ ልምምድና የጉዞ ዝግጅት

ሰላም አባላት፣

ዛንዚባር የሰጠመችውን መርከብ «ግሬት ኖርዘርን»ን ለማየት የምንጠልቅ ሁሉ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በተለመደው የሆቴል መዋኛ ገንዳ እንገናኝ። ጣና ውስጥ አንለማመድም፤ ውሃው ድፍርስ ነው፣ ቢልሃርዝያም አለበት።

መርከቧ የቴሌግራፍ ኬብል ዘርጊ ነበረች፤ በ1902 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሰጠመች። ያለችው 12 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ግፊቱ ከውሃው በላይ ካለው 2.2 እጥፍ ይሆናል። ላይ ላይ በደቂቃ 20 ሊትር አየር የሚስብ ሰው እዚያ 44 ሊትር ይጨርሳል። በ200 ባር (የግፊት መለኪያ) የተሞላ ባለ 12 ሊትር የአየር ሲሊንደር፣ 50 ባር መጠባበቂያ ሲቀነስ፣ የሚያቆየው 40 ደቂቃ ያህል ነው፤ ለሚያለከልክ ደግሞ ከዚያ በታች። ስለዚህ የቅዳሜው ዋና ሥራ ዝግ ብሎ መተንፈስና ወለሉን ሳይነኩ መቅዘፍ ነው። ዝገቱ ስለት አለው፣ አሸዋው ከተነሳም ምንም አይታይም። የጆሯችሁን ግፊት ከመጀመሪያው ሜትር ጀምራችሁ አስተካክሉ፤ ካመመ በኋላ መግፋት ታምቡርን ይጎዳል።

ጨዋማ ውሃ ይበልጥ ስለሚያንሳፍፍ በገንዳው የበቃችሁ የእርሳስ ክብደት (ማስጠሚያ) ላይ እዚያ 2 ኪሎ ገደማ ይጨመራል። ቅዳሜ የያዛችሁትን ክብደት ጻፉት።

የመጨረሻው መጥለቅ ከመልስ በረራው ቢያንስ 18 ሰዓት ቀድሞ ያልቃል። ደም ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን ከፍታ ላይ አረፋ ይሠራል፤ አዲስ አበባም ባሕር ዳርም ከፍታ ላይ ስለሆኑ አውሮፕላኑ ማረፉ ብቻ አያድንም። ይህ ለድርድር አይቀርብም።

የመጥለቂያ መነጽር፣ የእግር መቅዘፊያ፣ የሕክምና ቅጽና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይዛችሁ ኑ። ለወባ መከላከያ ሜፍሎኪን የታዘዘላችሁ ሌላ እንዲቀየርላችሁ ሐኪም ጠይቁ፤ የሚያመጣው ማዞርና ጭንቀት ለጠላቂ አይሆንም።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ ስማችሁንና የመነጽር ቁጥራችሁን እዚሁ ጻፉ።

አስተባባሪ