ሥራ አጥነቱን የቀነስነው እኛ ነን

ክቡር አዘጋጅ፣

«የወጣቶች ሥራ አጥነት ቀነሰ፤ የአካባቢዎች ኢኮኖሚ እያንሰራራ ነው» ያላችሁትን ዘገባ አነበብኩ። ደስ ይላል። ግራፉም ያምራል። ቁልቁል በወረደችው መስመር ውስጥ እኔም አለሁበት። ስለ አስተዋጽኦዬ ግን ያመሰገነኝ የለም።

ምን አደረግሁ? ሥራ መፈለግ አቆምኩ ነዋ!

በዓለም ሥራ ድርጅት መለኪያ ሥራ አጥ ለመባል ሥራ ማጣት ብቻ አይበቃም። መፈለግም፣ ሲገኝ ለመጀመር ዝግጁ መሆንም አለበት። ፍለጋውን የተወ ሰው ከሥራ ኃይሉ፣ ማለትም ከሚሠሩትና ከሚፈልጉት ድምር፣ ይወጣል። ሥራ አጥነቱ የሚሰላው ደግሞ ከዚህ ድምር ነው። እስቲ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ከ100 ወጣት 70ው ይሠራል፣ 30ው ይፈልጋል እንበል። ሥራ አጥነቱ 30 በመቶ ነው። ከፈላጊዎቹ 15ቱ ሰልችቷቸው ቤት ተቀመጡ። አሁን 15ን ለ85 ስታካፍሉት 18 በመቶ ገደማ ይመጣል። አንድም ሰው አልተቀጠረም! 15ቱ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ሌላ ቦታ ቢሄዱም ውጤቱ ያው ነው። አንድ አካባቢ ሥራ አጥ ልጆቹን በሸኘ ቁጥር ቁጥሩ ያምርለታል። እናንተ ይህን «ማንሰራራት» ብላችሁታል።

እኔ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። መረጃ ሰብሳቢዋ ታብሌቷን ይዛ መጣች። «ባለፉት ሰባት ቀናት በክፍያ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሠርተሃል?» አልሠራሁም። «ባለፉት አራት ሳምንታት ሥራ ፈልገሃል?» አልፈለግሁም። ለጀማሪ በወጣ ማስታወቂያ የሁለት ዓመት ልምድ ሲጠየቅ ስንት ጊዜ ይመለከታል ሰው? ይህን የሚሞላበት ቦታ ግን አልነበራትም። ወደ ታናሽ እህቴ ዞረች። እህቴ በዚያ ሳምንት የጎረቤት ልጅ አስጠንታ ትንሽ ገንዘብ ተቀብላ ነበር። በቃ፣ «ሥራ ያላት» ሆነች። በእኛ ቤት ሥራ አጥ የለም ማለት ነው። እናቴ ብቻ አላመነችም።

መረጃ ሰብሳቢዋ አላጠፋችም። መለኪያውም ቢሆን አገርን ከአገር ለማነጻጸር ይጠቅማል። ጥፋቱ አንዱን ቁጥር አንጠልጥሎ መሮጥ ነው። የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች 19ኛው ዓለም አቀፍ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው መመሪያ እኮ የሥራ አጥነት ምጣኔ ብቻውን እንዳይነበብ ይመክራል። መሥራት እያማራቸው ፍለጋውን የተዉትን፣ ሰዓት አንሷቸው ተጨማሪ የሚፈልጉትንም አብራችሁ ተመልከቱ ይላል። ስህተቱ ደግሞ በተቃራኒውም ይሠራል። በዚያው ዓመት በግሪክና በስፔን የወጣቶች የሥራ አጥነት ምጣኔ ከ50 በመቶ በላይ ሲሆን «ከሁለት ወጣት አንዱ ሥራ አጥ ነው» የሚል ወሬ ተናፍሶ ነበር። ሥራ የማይፈልገው ተማሪ ስሌቱ ውስጥ አለመግባቱን ያስታወሰ ጥቂት ነው።

ከሁሉ ያበሸቀኝን ልጨምር። በዘገባችሁ ባለሥልጣን ተናግሯል፣ ምሁር ተናግሯል፣ ባለሀብትም ተናግሯል። «ወጣቱ ሥራ ይመርጣል» ያለውም ባለሀብቱ ነው። ከምን ከምን እንደምንመርጥ ጋዜጠኛችሁ አልጠየቀውም። ወጣቱስ? ፎቶው ላይ አለ፣ ጀርባውን ሰጥቶ።

በሚቀጥለው ጊዜ ሥራ ያላቸውን ወጣቶች ብዛት ከአምናው ጋር ጎን ለጎን አውጡልን። በአካባቢው የቀሩትን ወጣቶች ብዛትም ጨምሩበት። ሥራ ያላቸው ከበዙ እኔም አብሬያችሁ አጨበጭባለሁ።

ከሥራ ፍለጋ በጡረታ የተገለለ አንባቢያችሁ