ባጃጃችሁ ኩርባ ላይ ለምን ይጋደማል? ስለ ሾክና ሞላ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ ለውድ ደንበኞቻችን፣ ለባጃጅ ባለንብረቶችና ሹፌሮች
ጅማ

ሰላምታችን ባላችሁበት ይድረሳችሁ።

ሰሞኑን ጋራዣችን ከሚመጣው ሰው አብዛኛው አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዞ ነው የሚመጣው። «ባጃጄ ኩርባ ላይ ይጋደማል፤ ጠንካራ ሞላ ግጠሙልኝ» ይላል። ሌላው ደግሞ ከሞላው ስር ብረት ወይም ወፍራም ጎማ አስገብተን ከፍ እንድናደርግለት ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ጥያቄ አይተን፣ መዝነን እንሠራለን። ሁለተኛውን አንሠራም። ገንዘብ ይዞ የመጣ ደንበኛ «እምቢ» ሲባል ቅር እንደሚለው እናውቃለን። ስለዚህ ምክንያቱን ቁጭ ብለን ልንጽፍላችሁ ወደድን። ክረምቱ ገብቶ ኮብልስቶኑ ሳይንሸራተት ብታነቡት ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል።

ነገሩ የሚጀምረው ከሾኩ አይደለም፤ ከሦስቱ ጎማዎች አቀማመጥ ነው። ጋራዣችን ስትመጡ ወለሉ ላይ በጠመኔ እናሳያችኋለን። ባጃጁን ደልዳላ ቦታ ላይ እናቆማለን። ከፊት ጎማ ተነስተን ወደ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች መስመር እናሰምራለን። ሁለቱን የኋላ ጎማዎችም እርስ በርስ እናገናኛለን። ሦስት ማዕዘን ይወጣል። የባጃጁና የተሳፋሪው ክብደት አንድ ላይ ተደምሮ የሚያርፈው እዚህ ሦስት ማዕዘን ውስጥ እስከሆነ ድረስ ባጃጁ አይወድቅም። ኩርባ ላይ ግን ክብደቱ ወደ ውጭ ይገፋል። ግፊቱ ያንን የጠመኔ መስመር ካሳለፈው የውስጠኛው የኋላ ጎማ ከመሬት ይነሳል።

ቁጥሩን እንየው። ባጃጅ አርኢ የሚባለው ሞዴል ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 2 ሜትር ነው። የኋላዎቹ ሁለት ጎማዎች ወደ 1.15 ሜትር ይራራቃሉ። አሁን ከሹፌሩ ወንበር ላይ ቱንቢ ብናወርድና ከፊት ጎማ 80 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢያርፍ፣ እዚያ ቦታ ላይ ከመሃል እስከ መስመሩ ያለው 23 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። አንድ ስንዝር ማለት ነው። የተሳፋሪው ወንበር ጋ፣ ወደ 1.7 ሜትር ላይ፣ ይኸው ርቀት 49 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ጋቢና ከሹፌሩ ጎን የሚቀመጥ ሰው አብዛኛው ክብደቱ የሚያርፈው ከመስመሩ ውጭ ነው። ኋላ የተቀመጡት ሦስት ሰዎች ባጃጁን መሬት ላይ ያስይዙታል። ጋቢና የገባው አራተኛ ሰው ግን ወደ ጎን ይጎትተዋል። ይህንን ደግሞ የትኛውም ሾክ አያስተካክለውም።

ቀጥሎ ፍጥነት አለ። ከአደባባይ ወጥታችሁ 10 ሜትር ራዲየስ ያለው ኩርባ ገባችሁ እንበል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ብትነዱ ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል የክብደቱን 31 በመቶ ያህል ነው። ወደ 30 ኪሎ ሜትር ከፍ ብትሉ 71 በመቶ ይሆናል። ፍጥነቱ በግማሽ ጨመረ፤ ግፊቱ ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። የክብደቱ መሃል ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከፊት ጎማ ደግሞ 1.2 ሜትር ላይ ነው ብንል፣ ባጃጁ መቋቋም የሚችለው 57 በመቶ ገደማ ነው። 20 ላይ በሰላም ያለፈ ሹፌር እዚያው ኩርባ ላይ በ30 ቢገባ ይገለበጣል ማለት ነው። መንገዱ እርጥብ ሲሆን ደግሞ ጎማው ከዚያ በፊት ሊንሸራተት ይችላል።

ፍሬን ላይም አንድ ነገር እንጨምር። ብዙ ሹፌር ኩርባው ውስጥ ከገባ በኋላ ነው የሚደነግጠውና ፍሬን የሚረግጠው። ያኔ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል። ወደ ፊት ማለት ሦስት ማዕዘኑ ወደሚጠብበት ጫፍ ማለት ነው። ከጂሬን ቁልቁል ስትወርዱ ቁልቁለቱ ራሱ ክብደቱን አስቀድሞ ወደ ፊት አድርጎታል። ስለዚህ ፍሬኑን ቀጥታው መንገድ ላይ ጨርሱና ኩርባውን ነዳጅ በቀስታ እየሰጣችሁ እለፉት።

አሁን ወደ ሾኩ እንምጣ።

ባለ አራት ጎማ መኪና ኩርባ ላይ ሲጋደም የፊቱም የኋላውም ሞላ አብሮ ይይዘዋል። ባጃጅ ከፊት ያለው አንድ ጎማ ነው። አንድ ጎማ ደግሞ ወደ ጎን መጋደምን መያዝ አይችልም። መጋደሙን የሚይዙት የኋላዎቹ ሁለት ሞላዎች ብቻቸውን ናቸው። «የፊቱን ሞላ አጠንክሩልኝ» ላላችሁን ሁሉ መልሳችን ይህ ነው። የፊቱ ሾክ ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ፍሬን ስትይዙ አፍንጫው እንዳይደፋ ያደርጋል። እሱ ሲደክም ክብደቱ ቶሎ ወደ ፊት ይወርዳል፣ መሪውም ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ የደከመ የፊት ሾክ መቀየር አለበት። ኩርባ ላይ ያለውን መጋደም ያስቀርልኛል ብላችሁ ግን አትቀይሩት።

ሞላና ሾክ ሁለት ሥራ እንዳላቸውም እናስረዳ። ሞላው ክብደት ይሸከማል፤ ሲጫን ይጨመቃል፣ ሲለቀቅ ይመለሳል። ሾኩ ውስጥ ፒስተንና ዘይት አለ። ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ የሞላውን መዝለል ያዘገየዋል። ዘይቱ ካፈሰሰ ሞላው ብቻውን ይቀርና ባጃጁ እንደ ኳስ ይነጥራል። እንዲህ ባለ ሾክ ላይ ጠንካራ ሞላ መግጠም ነገሩን ያባብሰዋል። ጠንካራ ሞላ ሲመለስ በኃይል ነው፤ የደከመው ሾክ ደግሞ ሊይዘው አይችልም። ኮብልስቶን ላይ ጎማው እየዘለለ ከመሬት ይላቀቃል። ከመሬት የተላቀቀ ጎማ ኩርባ አይዝም።

ሙከራው ቀላል ነው፤ ቤታችሁ ሆናችሁ ሞክሩት። የኋላውን አንድ ጎን በሁለት እጅ ወደ ታች ጫኑና ድንገት ልቀቁት። አንድ ጊዜ ወደ ላይ ተመልሶ ከረጋ ደህና ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተወዛወዘ ሾኩ ደክሟል። የሾኩን ዘንግም በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ዘይትና አቧራ ተለውሶ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ከወጣ ዘይቱን የሚይዘው ማኅተም ለቋል። ስትቀይሩ ግራና ቀኙን አንድ ላይ ቀይሩ። አንዱ አዲስ፣ አንዱ አሮጌ ከሆነ ባጃጁ ወደ ግራ ሲታጠፍና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ጠባዩ ይለያያል። ሹፌሩ ደግሞ አንዱን ጎን ብቻ ይለምዳል።

ሞላን በተመለከተ ሽቦው ሲወፍር ጥንካሬው ምን ያህል እንደሚጨምር ብዙ ሰው አይገምተውም። 10 በመቶ ብቻ ቢወፍር ጥንካሬው 46 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ በዓይን «ትንሽ ወፈር ያለ» ብላችሁ የገዛችሁት ሞላ ባዶውን ሲሄድ እንጨት ሊሆንባችሁ ይችላል። ሞላ መቁረጥም እንዲሁ ነው። 8 ዙር ከሚሠራው ሞላ 2 ዙር ቢቆረጥ የቀረው በ33 በመቶ ይጠነክራል። ከዚያም ጎማው ጉድጓድ ላይ ሲንጠለጠል ሞላው ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። ተቆርጦ የመጣ ሞላ ስናገኝ አውጥተን በሙሉው እንተካለን እንጂ መልሰን አንገጥመውም።

ሥራ የምንጀምረው ግን ከሞላም ከሾክም አይደለም። መጀመሪያ ጎማ እናያለን። 4.00-8 የሚባለው የባጃጅ ጎማ ትንሽ ስለሆነ የነፋስ ልዩነት ቶሎ ያሳያል። አንዱ የኋላ ጎማ ከለሰለሰ ባጃጁ ገና ሳይታጠፍ ወደዚያው ያዘነብላል። ጎሚስታው ጋ ስትደርሱ የሁለቱም የኋላ ጎማ ነፋስ እኩል መሆኑን በመለኪያ አስለኩ፤ በእግር ረግጦ መገመት አያዋጣም። ልኩን ከመመሪያ መጽሐፉ ላይ ውሰዱ። ቀጥሎ የኋላ እጆቹን፣ ማለትም የኋላ ጎማዎቹን ከባጃጁ አካል ጋር የሚያገናኙትን ብረቶች፣ ጎሚኒ (መገጣጠሚያው ውስጥ ያለውን ጎማ) እናያለን። ጎሚኒው ከተበላ ኩርባ ላይ የኋላው ጎማ አቅጣጫውን በትንሹ ይቀይራል። ሹፌሮች «የኋላው ራሱ ይነዳል» የሚሉት ይህንን ነው። ስንት ሰው ለዚህ ብሎ ሁለት ሾክ ገዝቷል! አዲስ ጎሚኒ ብቻ ገብቶለት ደስ ብሎት የሄደ ደንበኛ አለን። ከዚያ የመሪውን ኩሽኔታ፣ የጎማውን ኩሽኔታ፣ ዳዶዎቹን እናያለን። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ባጃጁ አሁንም ከተጋደመ፣ ያኔ ሾክ፣ ከሾክ በኋላም እንደ ጭነታችሁ ሞላ እንመርጣለን። ቡና በጆንያ የሚያመላልስና ተማሪ ወደ ቂጦ ፉርዲሳ የሚያደርስ አንድ ዓይነት ሞላ አይገባቸውም። ጆንያ የምትጭኑ ደግሞ ወንበር ላይ አትቆልሉት፤ ወለሉ ላይ ዝቅ አድርጉት። ይህ ከሞላው በላይ ይጠቅማችኋል፤ ገንዘብም አያስወጣም።

ስለ ስታብላይዘር የጠየቃችሁንም አልረሳንም። እሱ የኋላ ሁለቱን እጆች የሚያገናኝ የታጠፈ ዘንግ ነው። ሁለቱም ጎማዎች አብረው ሲነሱ ሥራ የለውም። አንዱ ብቻውን ሲነሳ ግን ይጠመዘዝና መጋደሙን ይይዛል። አስፋልት ላይ ለሚውል ባጃጅ ጥሩ ነገር ነው። ችግሩ የአንዱ ጎማ ጉድጓድ ለሌላውም ይደርሳል። እዚህም ውፍረቱ ወሳኝ ነው፤ ከ12 ሚሊ ሜትር ወደ 14 ብንሄድ ጥንካሬው በ85 በመቶ ያድጋል። ስለዚህ ውሎአችሁ ውስጥ ለውስጥ፣ በድንጋይና በጭቃ መንገድ ከሆነ አንመክራችሁም። አጂፕና መርካቶ መሃል በአስፋልት ለምትመላለሱ ግን ቀጭኑን እንገጥማለን። የምንጠቀመው የሞላ ብረት ነው። የግንባታ ፌሮ አጣምሞ መግጠም ዋጋው ርካሽ ቢሆንም ፌሮ ከታጠፈ ወደ ቦታው አይመለስም። እጁ ላይም አንበይድም፤ ብየዳው ብረቱን ያደክመዋል። በፋሼታ፣ ማለትም ዙሪያውን አቅፎ በሚጠብቅ ማሰሪያ፣ ነው የምናስረው።

አሁን እምቢ ስለምንላቸው ነገሮች። ከሞላ ስር ብረት አስገብቶ ከፍ ማድረግ የክብደቱን መሃል ወደ ላይ ይወስደዋል፤ ከፍ ባለ ቁጥር ለመገልበጥ የሚበቃው ፍጥነት ይቀንሳል። ወደ ጎማ የሚወጣው አክስልም ዘንበል ብሎ ስለሚሠራ ቶሎ ይበላል። ጉድጓድ ስለሚነካኝ ነው ለሚል ሰው መፍትሔው የደከመውን ሞላ በአዲስ መተካት ነው። የወረደው ባጃጅ ወደ ድሮ ቁመቱ ይመለሳል፤ ከዚያ በላይ መውጣት የለበትም። የኋላ ጎማዎችን ወደ ውጭ ማስወጣትስ? እውነቱን ለመናገር መገልበጥን ይቀንሳል። ግራና ቀኝ 5 ሳንቲ ሜትር ብናስወጣ ወደ 9 በመቶ ያህል ያተርፋል። ነገር ግን ጭነቱ ከኩሽኔታው ይርቅና ኩሽኔታውንም ቡሎኑንም ይጎዳል። ጎማ እየሄደ የሚወልቅበት ዕድል ያለበትን ሥራ በእጃችን አንሠራም።

በመጨረሻ፣ ባለንብረቶች ሆይ፣ ይህን ለሹፌራችሁ ራሳችሁ ንገሩልን። ሾኩ ከተስተካከለ በኋላ ባጃጁ ኩርባ ላይ ብዙም አይጋደምም። መጋደሙ ግን ሹፌሩን «ዝግ በል» የሚለው ምልክት ነበር። ምልክቱ ቀነሰ እንጂ የጠመኔው መስመር አልሰፋም። አዲስ ሾክ ያለው ባጃጅ የሚገለበጥበት ፍጥነት ከድሮው ብዙም አይርቅም። «ተስተካክሏል፣ አሁን ንዳው» ብላችሁ ቁልፉን አትስጡት። ሹፌሩ የቀን ገቢ ለመሙላት እንደሚሮጥ እናውቃለን፣ እናንተም ታውቃላችሁ። የተቀየረውን ባጃጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በድሮው ፍጥነት ነድቶ ጠባዩን ይልመደው።

ለሥራ ስትመጡ ባጃጁን ባዶውን አምጡ፤ ሹፌሩም አብሮ ይምጣ። የት የት እንደሚውል፣ ምን እንደሚጭን የሚያውቀው እሱ ነው። የድሮ መመሪያ መጽሐፍ ካላችሁ ይዛችሁ ኑ። ሾክና ሞላ እንደ ሞዴሉ ስለሚለያይ ዕቃ ቀድማችሁ አትግዙ፤ አይተን የሚያስፈልገውን በጽሁፍ እንሰጣችኋለን፣ ከፈለጋችሁበት ቦታ ትገዛላችሁ። የወጣውን አሮጌ ዕቃ ለእናንተው እንመልሳለን። ከገጠምን ከሳምንት በኋላ ደግሞ ዳዶዎቹን በነፃ እናጠብቃለን፤ ጠዋት ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ብቅ በሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ባልደረቦች፣ ጅማ