አባባ፣ በረዶም እንደ ዋልካ ይይዛል

ይድረስ ለአባባ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ብዬ ብጠይቅ “ደህና ነኝ” እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ የእኔን ላውራ።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ይዤ ተርናጌን ፓስ የሚባለው ተራራ ሄድኩ። እዚህ አላስካ ውስጥ፣ ከአንኮሬጅ ከተማ በመኪና ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ከጓደኛዬ ስኖውሞቢል ተውሼ ነበር። ፎቶውን ልኬልዎታለሁ፤ እንደ ታንክ በሰንሰለት የሚሄደው። ከ200 ኪሎ በላይ ነው። ሲሮጥ በረዶው ላይ ይንሳፈፋል፣ ከቆመ ግን ይሰምጣል። ልጄ ከኋላዬ ሆኖ የሆነ ነገር ሲጠይቀኝ ቀስ አልኩ። በቃ፣ ሰመጥን።

ደንግጬ ነዳጅ ሰጠሁት። ሰንሰለቱ ከሥሩ ጉድጓድ ቆፈረና ማሽኑ በሆዱ ተኛ። ልክ እንደዚያ ቀን፣ ከደጀን ወደ ቢቸና ስንሄድ።

ረስተውት ይሆናል። 1986 ክረምት ነው። እርስዎና ረዳቱ ከጎማው ሥር ድንጋይ ስታስገቡ እኔን መሪው ላይ አስቀመጡኝ። “ቀስ” ብለውኝ ነበር፤ እኔ ረገጥኩት። ያ ኤንትሬ የጭነት መኪናዎ እስከ ሻንሲው ዋልካው ውስጥ ገባ። ፊትዎ ሁሉ ጭቃ ሆነ። ሰው ሁሉ እያየ በጥፊ መቱኝ። ጥፊውስ ይሁን፣ አጥፍቻለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን ጋቢና አላስገቡኝም። ታናሼን ይዘው ሲወጡ በር ላይ ቆሜ አይ ነበር። አባባ፣ አሁንም ድረስ ያመኛል።

ሞተሩን አጠፋሁ። ከማሽኑ ሆድ ሥር ያለውን በረዶ በአካፋ ጠረግኩ። ልጄ ከፊት ያለውን በእግሩ እየረገጠ መንገድ አበጀ። ከዚያ ማሽኑን ወደ ጎን አጋድለን ጉድጓዱን በበረዶ ሞላነውና ጠቀጠቅነው። ልጁ ሲቸኩል ጃኬቱን ከፍቼ አሳረፍኩት። እዚህ ላብ ያስፈራል፤ ልብስ ከረጠበ ብርዱ አይምርም። ደግሞም የተረገጠ በረዶ ትንሽ ሲቆይ ይጠነክራል። እርስዎም ድንጋዩን ካስገቡ በኋላ ሲጋራዎን ጨርሰው ነበር የሚነሱት።

“እኔ ልንዳው?” አለኝ። 13 ዓመቱ ነው። “አይሆንም” ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ከጎን ቆሜ የፊቱን ስኪ፣ በረዶው ላይ የሚንሸራተትበትን፣ ያዝኩና፣ “ቀስ አድርገህ ስጠው” አልኩት። እኔ ጎተትኩ፣ እሱ ቀስ አድርጎ ሰጠው። ወጣ። ደስታው እስከ ቤት አላለቀለትም።

ትምህርቱ ጥሩ ነው። እህቱም ጥርሷ ወልቋል፣ ፎቶ እልካለሁ።

አባባ፣ ሐኪሙ ያለውን ታናሼ ነግሮኛል። “እሱን አታስጨንቁት” ብለዋል አሉ። 46 ዓመቴ ነው እኮ! አሁንም ከጋቢና ውጭ ልቁም?

የልብ መድኃኒቱን ጾም ነው ብለው እንዳይተዉት። የንስሐ አባትዎን ያነጋግሩ፣ እሳቸውም ይህንኑ ነው የሚሉዎት። ሌሊት ወደ ውጭ ሲወጡ ሰው ይቀስቅሱ፣ ያ ደረጃ ያንሸራትታል። ለእኔም በማንኛውም ሰዓት ይደውሉ። እዚያ ሲመሽ እዚህ ይነጋል፣ ልዩነታችን አሁን ልክ 12 ሰዓት ነው።

ለፋሲካ እመጣለሁ ብዬ ነበር። የታናሼ ድምፅ ግን ደስ አላለኝም። እስከ ፋሲካ ልቆይ ወይስ አሁኑኑ ልምጣ? ይህቺን ብቻ እውነቱን ይንገሩኝ።

ልጅዎ