መፍቻ በነጠላ ይሸጥልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

መኪናውን በራሱ ግቢ መጠገን ለሚፈልግ ሰው በቅርቡ ያወጣችሁትን ምክር አነበብኩት። ብዙ ቁም ነገር አለው። በተለይ በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር አትግቡ ያላችሁት በየጋራዡ በር ላይ ቢለጠፍ ደስ ይለኛል። ስለ መፍቻ ግን «የአንድ ፋብሪካ ሙሉ ስብስብ ከነሣጥኑ ግዙ፣ የተለያየ ፋብሪካ ዕቃ አትቀላቅሉ» ያላችሁት ነገር አላስተኛኝም።

እኔ የአዳማ ነዋሪ፣ ጡረታ የወጣሁ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። ሥራውን የጀመርኩት ኤንትሬ በምንለው የፊያት ከባድ መኪና ነው፤ አሰብ ስመላለስ ኖሬ፣ በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ መንገዱን ሲዘጋው በጋላፊ በኩል ወደ ጅቡቲ ዞርኩ። በዚያ በረሃ መኪና ሲቆም ጋራዥ ማለት ሾፌሩና ረዳቱ ናቸው። አሁን ግቢዬ ውስጥ በቆርቆሮ የከለልኳት መጠለያ አለችኝ፤ አንዲት አሮጌ ቮልስና አንዲት ቶዮታ ዲኤክስ ይቆሙባታል፤ እሑድ እሑድ ደግሞ የአማቼ ባጃጅ ትጨመራለች። ግድግዳው ላይ በምስማር ከሰቀልኳቸው መፍቻዎች መካከል የጀርመን አለ፣ የጣሊያን አለ፣ የጃፓን፣ የሕንድ፣ የፈረንሳይ፣ ዛሬ የሌለችው የሶቪየት ኅብረትም አለ። ባለቤቴ «የተባበሩት መንግሥታት» ትለዋለች።

መጀመሪያ ስለ ቁጥር ልናገር፤ ሙሉ ስብስብ የሚባለው ነገር የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። የመፍቻ ቁጥር ማለት የሚይዘው የብሎን ራስ ስፋት በሚሊሜትር ነው። ግንዱ ስምንት ሚሊሜትር የሆነ ብሎን በአውሮፓ ልማድ በ13 ቁጥር ይፈታል። ጃፓኖች ለዚያው ብሎን አነስ ያለ ራስ ስለሚሰጡት በእነርሱ መኪና ላይ 12 ቁጥር ነው። አሥር ሚሊሜትሩ በቀድሞው የጀርመን ደረጃ 17፣ ኋላ በወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ 16፣ በጃፓን መኪና ላይ 14 ይሆናል። አሥራ ሁለት ሚሊሜትሩም እንዲሁ 19፣ 18 እና 17 እያለ ይሄዳል። ስለዚህ የእኔ ዲኤክስ በአብዛኛው በ10፣ በ12፣ በ14 እና በ17 ቁጥር ተፈትታ ትገጠማለች፤ የጎማዋ ዳዶ 21 ነው። ቮልሷ ደግሞ 13 እና 17 ካልቀረበላት ንክች አትልም። አንድ ቶዮታ ብቻ ያለው ሰው ሙሉ ሣጥን ሲገዛ 15፣ 16፣ 18 እና 20 ቁጥርን አብሮ ይገዛል። እነዚያ እንደተወለወሉ ሣጥን ውስጥ ያረጃሉ። በየጊዜው ሞተር ሥር ወድቃ የምትጠፋው 10 ቁጥር ግን ለብቻዋ ተፈልጋ አትገኝም።

የጥንቱን ላንድሮቨር ያቆየ ሰው ሌላ ጣጣ አለበት። ብሎኖቹ በኢንች ናቸው። ሦስት አራተኛ ኢንች 19.05 ሚሊሜትር ስለሆነ በ19 ቁጥር ሲፈታ ይኖራል፤ ማንም ልዩነቱን አያውቀውም። ግማሽ ኢንቹ ግን 12.7 ሚሊሜትር ነው፤ 13 ቁጥር ይገባበታል፣ ይዞርበታል፣ የብሎኑንም ጠርዝ ይበላዋል። ለእንዲህ ያለው መኪና «ሙሉ» ተብሎ የሚሸጠው የሚሊሜትር ሣጥን ላም አለኝ በሰማይ ነው።

«አትቀላቅሉ» የሚለው ደግሞ ከዕቃው አሠራር ጋር አይሄድም። ሶኬት መፍቻ፣ ማለትም እጀታው ላይ እየተሰካ የሚቀያየረው ክቡ መፍቻ፣ የሚሰካበት አራት ማዕዘን ልኩ በየአገሩ አንድ ነው፦ ሩብ ኢንች፣ ሦስት ስምንተኛ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛ። በሜትር የሚኖሩት ጀርመኖችና ጃፓኖች እንኳ ይህችን ነገር በኢንች ይሠሯታል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1920 የተቋቋመው ስናፕኦን የተነሣውም በዚሁ ሐሳብ ነው፤ አምስት እጀታና አሥር ሶኬት አቅርቦ «አምስቱ የሃምሳውን ሥራ ይሠራሉ» እያለ ሸጠ። በዚያ ዘመን ብዙው ሶኬት ከነእጀታው አንድ ወጥ ብረት ነበር። የጃፓን ሶኬት በጣሊያን እጀታ ላይ ስሰካ ጠቅ ብሎ ይገባል፤ ሥራውንም ይሠራል። አልፎ አልፎ ሶኬቱን የምትይዘው የእጀታው ትንሽ ኳስ ላልታ ሶኬቱ ይወዛወዛል፤ ያ ደግሞ የአንድ ፋብሪካ በሆነው ርካሽ ሣጥን ውስጥም ያጋጥማል።

እንግዲህ የግድግዳዬን ነገር ላውጋችሁ። ቀለበት ያላቸው ረጃጅም መፍቻዎቼ አብዛኞቹ የጀርመን ናቸው፤ ስታልቪሌ፣ ሃዜት፣ ጌዶሬ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1862፣ ሁለተኛው በ1868፣ ሦስተኛው በ1919 የተቋቋሙ ሲሆኑ፣ ሁሉም ከዚያው ከቩፐርታልና ከሬምሻይድ አካባቢ የወጡ ናቸው። ያገኘኋቸው ከሱቅ አይደለም። ወንጂ ስኳር ፋብሪካን ሆላንዶች ሲያቋቁሙት፣ ያ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ የጀመረው ማለቴ ነው፣ የጥገና ክፍሉ ሠራተኞች በእንዲህ ያለ ዕቃ ነው የሠለጠኑት። ከእነርሱ መካከል በግላቸው የገዙትን መፍቻ ጡረታ ሲወጡ ለእኔ የሸጡልኝ ወዳጆች አሉ። ክሮሙ ደብዝዟል፤ አፉ ግን ዛሬም የብሎን ጠርዝ አይስትም።

የሶቪየቶቹን ያገኘሁት በደርግ ዘመን በሶቪየት ድጋፍ ከተቋቋመው የናዝሬት ትራክተር መገጣጠሚያ ሰዎች ዘንድ ነው። ወፍራም፣ አስቀያሚ፣ የማይሰበር ብረት ነው። አንዱ ላይ ዋጋው በኮፔክ ተመትቶበታል፤ ብረቱ ላይ! ነጋዴ ዋጋ ልጨምር ቢል በምን ይፍቀው? ይህን ሳየው ሁልጊዜ እስቃለሁ። ጠባብ ቦታ ግን አይገባም፤ ጥርስ እንደሌለው አንበሳ ግድግዳ ላይ የሚውልበት ጊዜ ይበዛል።

ጠባብ ቦታ የጃፓኖች ነው። የኮኬን ሶኬት ግድግዳው ቀጭን ስለሆነ ከዲኤክሷ ሞተር ጎን ርካሹ ሶኬት የማይደርስበት ቦታ ይገባል። ኪዮቶ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1950 የተቋቋመው የኬቲሲ መፍቻም እጅ ላይ ቀላል ነው። አፉ የሚጠብና የሚሰፋው መፍቻዬ ባኮ ነው፤ ዩሃንሶን የተባለው ስዊድናዊ እ.ኤ.አ. በ1892 የፈጠራ መብት ያገኘበትን ዓይነት ዛሬም የሚሠራው ድርጅት ማለት ነው። ጅቡቲ ያገኘሁት የፈረንሳዩ ፋኮም አለ። የሕንዱን ታፓሪያ ደግሞ የምወደው ስለማላዝንለት ነው። መዶሻ የሚያርፍበት፣ በእሳት ተግሎ የሚታጠፍ፣ ለአንድ ብሎን ተብሎ በመጋዝ የሚያጥር እርሱ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ሃዜት የሚያጎብጥ ሰው ካየሁ ሰላምታ የምሰጠውም አይመስለኝም።

እየተንጣጣ የሚዞረው እጀታ፣ ራቼት የሚባለው፣ ራሱን የቻለ ወሬ ነው። ሻጩ «ይህ ጥርሱ ብዙ ነው» ብሎ ያስወድድባችኋል። እውነት ነው፤ 72 ጥርስ ያለው በአምስት ዲግሪ ብቻ ተንቀሳቅሶ ይይዛል፣ 24 ጥርስ ያለው ግን 15 ዲግሪ ይፈልጋል። ጠባብ ቦታ ላይ ልዩነቱ ትልቅ ነው። አዳማ ግን ነፋስና አቧራ ያላት ከተማ ናት፤ ነፋሱ በከንቱ እንዳልሆነ ከከተማው ወጣ ብለው የተተከሉትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ማየት ይበቃል። ያ አቧራ ከግሪስ ጋር ተለውሶ ደቃቁን ጥርስ ሲሞላው እጀታው መሸሽ ይጀምራል፤ ስትስቡት ጥርሱ ይዘልና እጃችሁ ከራዲያተር ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ጥሩ ባለ 72 ጥርስ አንድ አለኝ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። የዕለት ሥራ የሚሠራው ሸካራው ነው። በናፍጣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ቀጭን ዘይት ጠብ ሲደረግለት ይበቃዋል። ግሪስ አትሙሉበት።

ገንዘብ የት ይውጣ ለሚለው የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ለምትደጋግሟቸው ቁጥሮች ስድስት ጎን ያለውን ሶኬት ደህና አድርጋችሁ ግዙ። አሥራ ሁለት ጥግ ያለው ቶሎ ይገባል፤ ነገር ግን የዛገ ብሎን ላይ ጠርዙን ይበላል፤ ከዚያ ወዲያ መሮና ብየዳ ነው። በአየር በሚሠራ መፍቻ የምትፈቱ ከሆነ ጥቁሩን፣ ከክሮም ሞሊብዲነም የሚሠራውን ፈልጉ። የሚያብረቀርቀው ክሮም ቫናዲየም ለእጅ ነው፤ በአየር መፍቻ ሲመታ ይሰነጠቃል፣ ስባሪውም ዓይን አይምርም። የቮልስ የኋላ አክስል ዳዶ 36 ቁጥር ነው፤ የሚጠብቀውም ወደ 300 ኒውተን ሜትር ነው። ያ ማለት አንድ ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ የሚያህል ክብደት መጫን ነው፤ ሲዝግ ደግሞ ለመፍታት ከዚያም ይበልጣል። በግማሽ ኢንች ራቼት የሚሞክር ሰው ራቼቱን ደህና ሰንብት ይበለው። ለዚህች በዓመት አንዴ ለምትፈታ ዳዶ ባለ ሦስት አራተኛ ኢንች ሙሉ ሣጥን መግዛት አለብኝ? ሰፈሬ ካለ የጭነት መኪና ጋራዥ እጀታውን እዋሳለሁ፤ ሶኬቱ ብቻ የእኔ ነው።

ለዝግጅት ክፍሉ የጻፍኩበት ዋና ምክንያት ግን የገበያው ነገር ነው። ቀደም ሲል እዚህ አዳማ በፍራንኮ አካባቢም ሆነ አዲስ አበባ መርካቶ ዕቃ ተዘርግቶ፣ መርጦ፣ ቁጥሩን በጣት ዳስሶ መግዛት የተለመደ ነበር። አሁን በርካታ ሱቆች «ሣጥኑ አይበተንም» ይሉናል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። አንድ 10 ቁጥር ሶኬት የጠፋበት ባጃጅ ነጂ የሣጥን ዋጋ ከየት ያምጣ? ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ወጥቶ በደጁ ሥራ የሚጀምር ልጅስ? የመጀመሪያ ገንዘቡን በማይነካቸው ቁጥሮች ላይ አፍስሶ፣ ለዘይትና ለፊልትሮ መነሻ ያጣል።

ሣጥኑም ቢሆን የሚታመን አይደለም። አንድ ሱቅ ውስጥ የታወቀ የጀርመን ፋብሪካ ስም ያለበት ስብስብ ቀረበልኝ። ስሙ በብረቱ ላይ የተመታ ሳይሆን የተጫረ ነው፤ ቫናዲየም የሚለው የላቲን ጽሑፍ አንድ ፊደል ጎድሎታል። 17 ቁጥሩን ኪሴ ውስጥ ከነበረ ብሎን ጋር ሳስተያየው እንደ ደወል ተንቀጫቀጨ። ባለሱቁን ጠየቅሁት፤ «አባባ፣ እርስዎ ደግሞ ብሎን ይዘው ነው እንዴ ገበያ የሚወጡት?» አለኝ። አዎ፣ ይዤ ነው የምወጣው። አንባቢዎቻችሁም 13 እና 17 ቁጥር ንጹሕ ብሎን ኪሳቸው ከተው ይውጡ፤ መፍቻውን ይሞክሩበት። ሻጭ ከተቆጣ ዕቃውን ትተው ይሂዱ።

አስመጪዎችንና ባለሱቆችን የምለምነው ሁለት ነገር ነው። 8፣ 10፣ 12፣ 13፣ 14፣ 17 እና 19 ቁጥርን በነጠላ አምጡ፤ የአንዱን ዋጋ በሣጥን ከሚወጣበት ከፍ አድርጋችሁ ብትሸጡትም እንገዛዋለን። የተሠራበትን አገርም በግልጽ ጻፉልን። ቻይና ቢሆን የሚያሳፍር የለውም፤ የቻይና ጥሩ ሶኬት አለኝ፣ ጀርመን ነኝ ብሎ ስላልዋሸኝ እወደዋለሁ።

ዝግጅት ክፍሉ ደግሞ ስለ ብራንድ ከመጻፉ በፊት የብሎን ግንድና የመፍቻ ቁጥር ሰንጠረዥ ያትምልን፤ የአውሮፓው በአንድ ረድፍ፣ የጃፓኑ በሌላው። ተቆርጦ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ጀርባው ላይ ማስታወቂያ ቢወጣ ይሻላል፤ ከበስተጀርባው ስፖርት ካወጣችሁ አማቼ አያስቆርጠኝም።

ከአክብሮት ጋር
ጡረታ የወጣሁ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ከአዳማ